ክላረንደንና የሐ ሦስት እግሮች

አርታዒው፦ የመዝገበ ቃላታችንን ናሙና አየሁት። እንግሊዝኛው ቃል ግን በዛብኝ። ገጹን ገና ስገልጠው ዓይኔን ያዘው፤ አጠገቡ ያለው የአማርኛ ፍቺ እንደ ጥላ ሆኖ ቀረ። ይህን ፊደል ከየት አመጣሽው?

ዲዛይነሯ፦ ክላረንደን ይባላል፣ ጋሼ። እኔ አይደለሁም ለእንዲህ ያለ ሥራ ያጨሁት፤ ሲወለድም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ውስጥ ፋን ስትሪት በሚባል የፊደል ማቅለጫ ቤት ወጣ። ያወጣው ከቤቱ ሸሪኮች አንዱ ሮበርት ቤስሊ ነው፤ ቅርጹን በብረት ላይ የቀረጸው ቤንጃሚን ፎክስ። ስሙ የተወሰደው ከኦክስፎርዱ ክላረንደን ማተሚያ ቤት ነው ይባላል። ያን ጊዜ አታሚዎችን አንድ ነገር ቸግሯቸው ነበር። በጽሑፍ መካከል አንዲት ቃል ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ ከጎረቤቶቿ ጋር ተስማምቶ የሚቆም ወፍራም ፊደል አልነበራቸውም።

አርታዒው፦ ካፒታል ነበራቸው፤ ኢታሊክ የሚሉት ዘመም ያለ ፊደልም ነበራቸው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ያን ትልቅ መዝገበ ቃላት ሲያሳትም ዋናውን ቃል በካፒታል ነው ያስቀመጠው። መቼም ቃሉን የፈለገ ሰው አግኝቶታል።

ዲዛይነሯ፦ አግኝቶታል። ግን ካፒታል ቃሉን ያስረዝመዋል፤ በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን ስምና በትንሽ የሚጀምረውን ቃልም ያመሳስልብናል። ኢታሊክ ደግሞ ሥራ በዝቶበታል፤ ለመጽሐፍ ስም እሱ፣ ለባዕድ ቃል እሱ፣ ለምሳሌ እሱ። ወፍራም ፊደል ከተባለ በእጃቸው የነበረው የግድግዳ ማስታወቂያው ነው፤ ቋሚው እንደ ምሰሶ የወፈረ፣ አግድሙ እንደ ፀጉር የቀጠነ። በትልቁ ሲለጠፍ ያምራል። በመጽሐፍ መጠን ሲያሳንሱት ፀጉሩ ይጠፋና ምሰሶዎቹ ብቻ ይቀራሉ።

አርታዒው፦ ቤስሊ ታዲያ ምን አደረገ? እኔ የማየው ያንኑ ምሰሶ ነው።

ዲዛይነሯ፦ እስቲ ቀረብ አድርገው ይመልከቱት። ቀጭኑ መስመር ቀጭን አይደለም፤ ወፍራሙም ካሰቡት በታች ነው የወፈረው። ልዩነታቸው ስለጠበበ ፊደሉ ሲያንስ የሚጠፋ አካል የለውም። ከዚያ እግሩን ይዩ። ላቲን ፊደል ግንዱ ሲያልቅ ጫፉ ላይ የሚያወጣው ትንሽ እግር ሰሪፍ ይባላል። በተለመደው የመጽሐፍ ፊደል ቀጭንና ሹል ነው። ስላብ ሰሪፍ በሚባሉት ግን እንደ ተጠረበ ድንጋይ ወፍራም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስላቦች እግር ከግንዱ ጋር የሚገናኘውም በቀጥታ ማዕዘን ነበር። ክላረንደን ላይ እግሩ ወፍራም ሆኖ ሳለ ከግንዱ ጋር በጎባጣ መስመር ይያያዛል፤ የዋርካ ግንድ ወደ ሥሩ ሲወርድ እንደሚሰፋ። ሹል ማዕዘን ቀለም ያጠራቅማል፤ ጎባጣው ግን ቀለሙ ወጥ ሆኖ እንዲያርፍ ይረዳል። ትንንሾቹ ኤ፣ ሲና አር ጫፋቸው ላይ ክብ ጠብታ አላቸው፤ የትልቁ አር ጅራት ተጠምዝዞ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን ሁሉ ይዞ ደግሞ ጠባብ ነው፤ የ1845ቱ ፊደል ማለቴ ነው። ከሲታው ፊደል ጋር በአንድ መስመር ሲሰለፍ ቦታ እንዳይሻማ ተብሎ ጠበበ።

አርታዒው፦ የምትወጂውን ነገር ስታስረጂ እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን የዘር ሐረጉን አትዝለይብኝ። እነዚህ ስላብ የምትያቸው ከመጽሐፍ ቤት አልወጡም። ቪንሰንት ፊጊንስ በ1815 ገደማ ለንደን ላይ ሲያወጣቸው ገበያቸው ማስታወቂያ ነበር፤ ሎተሪ፣ ቲያትር፣ የጫማ ቀለም። ናፖሊዮን ግብጽ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ አውሮፓ ግብጽ ግብጽ ሲል ስለነበር፣ ከግብጽ ጋር ምንም ሳያገናኛቸው «ግብጻዊ» ተባሉ። ስማቸው እንኳ የገበያ ስም ነው። ክላረንደን የዚህ ቤት ልጅ ነው። ማዕዘኑን ብታለሰልሺውም ድምፁ የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ነው።

ዲዛይነሯ፦ ቤቱ ትክክል ነው። ልጁ ግን ከቤቱ የተለየው በዚያች ማለስለስ ነው። ቤስሊ ጉዳዩን ቀላል አድርጎ አላየውም፤ ወደ ሕግ ሄዶ ቅርጹን አስመዘገበ። በእንግሊዝ የንድፍ ሕግ እንዲህ የተመዘገበ የመጀመሪያው የፊደል ቅርጽ እሱ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ጥበቃው 3 ዓመት ነበር።

አርታዒው፦ 3 ዓመቱ ሲያልቅስ?

ዲዛይነሯ፦ ሁሉም ቀዳው።

አርታዒው፦ ቀድተውስ ምን አደረጉበት? ይኼ ነው የእኔ ጥያቄ። አሜሪካ ተሻገረና የእንጨት ፊደል ሆነ። ዳሪየስ ዌልስ በ1828 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያውን የእንጨት ፊደል ናሙና ካወጣ ወዲህ መንገዱ ተጠርጓል። ትልቅ የእርሳስ ፊደል ከባድ ነው፣ ውድ ነው፤ እንጨት ቀላልና ርካሽ ነው። ክላረንደንን በእንጨት ላይ አወፈሩት፣ አሰፉት፣ ጎተቱት። «የፈረንሳይ ክላረንደን» ያሉት ላይ ሲደርሱ እግሩ ከግንዱ በለጠ። በካውቦይ ፊልም ላይ ወንበዴ ሲፈለግ የሚለጠፈው ወረቀት፣ ያ ነው። ለአንዲት ቃል መለያ ተብሎ የተሠራ ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ የመጠጥ ቤት ሰሌዳ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቀጂዎቹ ብቻ ነው ትያለሽ? በቅርጹ ውስጥ ለዚህ የሚጋብዝ ነገር አለ።

ዲዛይነሯ፦ አለ፤ አልክድም። ጠንካራ አጥንት ያለው ፊደል ቢጎትቱትም አይሰበርም፤ ስለማይሰበር ይጎትቱታል። ግን በዚያው ክፍለ ዘመን ሌላውን ልጁንም ይቁጠሩልኝ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ሲወጣ ዋናው ቃል የተለቀመው በክላረንደን ነው። አዘጋጁ ጄምስ መሪና ረዳቶቹ በአንድ ገጽ ላይ የሚያስቀምጡት ብዛት ያስፈራል፤ ዋናው ቃል፣ አነባበቡ፣ የድሮ አጻጻፉ፣ ሥርወ ቃሉ፣ ፍቺዎቹ በየቁጥራቸው፣ ከየዘመኑ የተለቀመው ጥቅስ ከነዓመቱ። ይህ ሁሉ በጥቃቅን ፊደል፣ በሦስት ዓምድ። ያን ገጽ ያለ ወፍራም ቃል ያስቡት። ጤፍ የተዘራበት ማሳ ነው የሚሆነው፤ አንዷን ዘለላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ይህ አገልግሎት ሥር ከመስደዱ የተነሣ በእንግሊዝ አታሚዎች ዘንድ «ክላረንደን» የሚለው ቃል ራሱ ወፍራም ፊደል ማለት ሆኖ ነበር፤ ዛሬ እኛ «ቦልድ አድርገው» እንደምንለው።

አርታዒው፦ የኦክስፎርዱን እቀበላለሁ። ግን ከዚያ ወዲህስ? አሜሪካኖች የብሔራዊ ፓርኮቻቸውን ምልክት ለብዙ ዓመታት በክላረንደን ሲጽፉ ኖረው በ2000 ገደማ ጄምስ ሞንታልባኖን ሌላ ፊደል አሠሩት፤ ኤን ፒ ኤስ ሮሊንሰን የሚባለውን። ለማንበብ የሚመች ከሆነ ለምን ተተካ?

ዲዛይነሯ፦ ሰሌዳው ላይ ቦታ ስለሚበላ። ከ1953 ወዲህ ዓለም የሚያውቀው ክላረንደን ኸርማን አይደንቤንዝ በስዊዘርላንድ ለሃስ ማቅለጫ ቤት እንደገና የሣለው ነው። እሱ ሰፊ ነው፤ የርዕስ ፊደል ነው፣ ቆንጆም ነው። ጥቂት ቆይቶ ፍሪማን ክሮ አሜሪካ ላይ ያወጣውም እንደዚያው ሰፊ ነው። ሁለቱም ከቤስሊ ውበቱን ወሰዱና ጥበቱን ተዉት። መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ስፋት ዕዳ ነው። በምትኩ የመጣው ፊደልም ግን እግር አለው፣ ጋሼ። እግሩን አልቆረጡትም።

አርታዒው፦ እሺ፣ ቅርጹን ልተውልሽ። እኔን ከቅርጹ ይልቅ ያመጣው ልማድ ነው የሚያስጨንቀኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። ድሮ ጸሐፊው አንድ ሐሳብ ጎልቶ እንዲታይለት ሲፈልግ ዐረፍተ ነገሩን ያስተካክል ነበር፤ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፣ ፊቱ ያለውን ያሳጥራል፣ አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት መንገድ ይጠርጋል። ዛሬ የሚመጣልኝ ጽሑፍ በየአንቀጹ ሁለት መስመር ቦልድ ነው። ጸሐፊው አንባቢውን አላመነውም፤ ሁለት ቃል አይቶ ያልፋል ብሎ ፈርቶታል። አንባቢውም እንደተፈራው ይሆናል፤ ወፍራሙን ብቻ እየረገጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። ይህ የዓይን ልማድ የመጣው ከዚያ ከማስታወቂያው ግድግዳ ነው። ክላረንደን ያደረገው ምንድን ነው፣ ግድግዳውን ወደ መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት ነው።

ዲዛይነሯ፦ ስለ ድርሰት ከሆነ እስማማለሁ። አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ቦልድ ካየሁ እኔም አዝናለሁ። መዝገበ ቃላት ግን ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ተማሪው የሚመጣው አንዲት ቃል ይዞ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቸኩሎ፣ ብዙ ጊዜም መብራቱ ደክሞ። መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ሠላሳ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ገጹ መንገድ ማሳየት አለበት። ያቺ ቃል ስትወፍር አትጮህበትም፤ እዚህ ነኝ ትለዋለች።

አርታዒው፦ እዚህ ነኝ ለማለት መወፈር ግድ ነው? የእኛን ቁም ጸሐፊ አስቢ። አጠገቡ ሁለት ብርዕ አለ፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። የእመቤታችን ስም ላይ ሲደርስ፣ የጻድቁ ስም ላይ ሲደርስ፣ ጥቁሩን አስቀምጦ ቀዩን ያነሣል። የፊደሉ ውፍረት አይለወጥም፤ ቁመቱ አይለወጥም፤ እጁም ያው ነው። ስሙ ከሌሎቹ ቃላት ጋር በአንድ መስመር፣ በአንድ ቁመና ቆሞ ይለያል። ዓይን ያርፍበታል እንጂ አይጋጭበትም። ብራናችን ይህን ጥያቄ ለንደን ከመጠየቋ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መልሶታል። ካፒታል ለሌለው፣ ኢታሊክ ለሌለው ፊደል የተገባው መልስ እሱ ነው።

ዲዛይነሯ፦ ቀዩን እንደ እርስዎ ነው የምወደው። ግን በማተሚያ ቤት ቀይ ማለት ወረቀቱ ሁለተኛ ጊዜ ቀለም ይቀበላል ማለት ነው። በስምንት መቶ ገጽ ያባዙት። ከዚያ በላይ ደግሞ ተማሪ መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ያደርገዋል። ቀዩ በኮፒው ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ዋናው ቃል ከፍቺው ይደበዝዛል ማለት ነው። ቤስሊ ያስገኘው ነገር ይህ ይመስለኛል፦ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ እትመት፣ በመጥፎ ወረቀት ላይ እንኳ የማይጠፋ ልዩነት። ሌላም አለ። ቁም ጸሐፊው ቀይ የሚያነሣው ስሙን ሊያከብር ነው። የእኔ ሥራ ማክበር አይደለም፤ ማስገኘት ነው። «መጥረጊያ» የሚለውን ቃል ማንም አያከብረውም፤ ግን ሲፈለግ መገኘት አለበት።

አርታዒው፦ ማክበርና ማስገኘት የተለያዩ ናቸው ካልሽ እንግዲህ ናሙናሽን አውጪው። እንግሊዝኛው ቃል ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው፣ በሁለት እግሩ ቆሟል። የአማርኛው ፍቺ ቀጭን ነው። አንድ ልጅ ይህን ገጽ ዓመት ሙሉ ሲገልጥ ዓይኑ ምን ይማራል? የትኛው ቋንቋ ጌታ፣ የትኛው አሽከር እንደሆነ ይማራል። ማንም ሳይነግረው፣ በውፍረት ብቻ። ለማስገኘት ነው ያልሽው ውፍረት ማክበርንም እየሠራ ነው፤ አንቺ ባትፈልጊም።

ዲዛይነሯ፦ ...ይህን አላሰብኩትም ብል ውሸት ይሆናል። አስቤዋለሁ፤ በዚህ ጥንካሬ ግን የነገረኝ አልነበረም። የመጀመሪያው መልሴ፣ ወፍራሙ ቃል በር ነው፣ ቤቱ ፍቺው ነው የሚል ነበር። ሰው የሚኖረው በር ላይ አይደለም።

አርታዒው፦ ከውጭ የሚታየው ግን በሩ ነው።

ዲዛይነሯ፦ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መልስ ይስሙኝ። መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው። በሁለተኛው ክፍል ዋናው ቃል አማርኛው ነው፤ እዚያ የሚወፍረው አማርኛው መሆን አለበት። ከባዱ ሥራዬ ያለው እዚያ ነው። ኮምፒውተር ቦልድ አድርግ ሲባል፣ ለፎንቱ ቦልድ ካልተሣለለት፣ ያንኑ ቀጭኑን ፊደል ዙሪያውን ቀብቶ ያወፍረዋል። ላቲኑ ይችለዋል። የእኛው ግን ትርጉሙን የተሸከመው በጥቃቅን ነገር ነው። ሌ፣ ቤ፣ ዴ እግራቸው ላይ ያለችው ቀለበት ስትደፈን ነጥብ ትሆናለች። ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት በአናታቸው ነው፤ አናቱ ሲያብጥ ዓይን ይገምታል እንጂ አያነብም። በየሰሌዳው፣ በየመጽሐፉ ርዕስ የምናየው ቦልድ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ያበጠ እንጂ የወፈረ አይደለም። ሳየው ያመኛል።

አርታዒው፦ ቦልድ የተሣለላቸው የአማርኛ ፎንቶች መጥተዋል ሲሉ እሰማለሁ።

ዲዛይነሯ፦ መጥተዋል፤ ኖቶ አንዱ ነው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም አለው። ትልቅ ውለታ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ለዚህ መጽሐፍ ከሲታ ፊደል፣ ለዚህ ወረቀት፣ ለዚህ መጠን ባልደረባ የሚሆን ነው። ክላረንደንን የያዝኩት ለዚህ ነው፤ እግሩን ወደ ግዕዝ ፊደል ላመጣ አይደለም። የግዕዝ ፊደል የራሱ ቁመና አለው፤ የብርዑ ጠፍጣፋ አፍ አናቱ ላይ የተወው ሽፋል አለ፤ ላቲን እግር ቢተከልበት ይቀልላል። የማመጣው አሠራሩን ነው። ቀጭኑን አካል ቀድመህ አጠንክር፤ ከዚያ ወፍራሙን በልክ አወፍር፤ ውስጡ ያለውን ክፍተት እንደ ዓይንህ ጠብቅ። ለቤስሊ ቤት ይህ በትልቅና በትንሽ ቢቆጠር 52 ፊደል ነው፣ ከቁጥርና ከምልክት ውጪ። ለእኔ ከ200 በላይ ነው።

አርታዒው፦ ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ውፍረቱን ከሁለቱም ክፍል ለምን አታነሺውም? ዋናው ቃል መስመሩን ይጀምር፤ ፍቺው ከሥሩ ገባ ብሎ ይሰለፍ። ነጭ ቦታው ራሱ ያሳያል። ማንም በማንም ላይ አይወፍርም፤ ቀለበትም አይደፈንም፤ ዋጋውም ያው ነው። የድካምሽን ግማሽ ለፍቺዎቹ ብናውለው ደግሞ መጽሐፉ ይሻላል።

ዲዛይነሯ፦ ይህ ከሁሉም የሚከብደኝ መልስ ነው፤ ሞክሬዋለሁም። አጭር ፍቺ ያላቸው ገጾች ላይ ይሠራል። «መታ» ወይም «ወጣ» ላይ ሲደርስ ግን ፍቺው አንድ ሙሉ ዓምድ ይወርዳል፤ በውስጡ «ወጣ ገባ» አለ፣ «ወጪ» አለ፣ «አወጣ» አለ፣ «መውጫ» አለ። የእኛ ቃል ከአንድ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅርንጫፉን ሁሉ በአዲስ መስመር ባስጀምር መጽሐፉ ያብጣል፤ በመስመሩ ውስጥ ባስቀር ይጠፋል። ነጭ ቦታ የመስመር መጀመሪያን ያሳያል፤ የመስመር መካከልን አያሳይም። ቤስሊን ያስቸገረውም እኮ የመስመር መካከል ነው።

አርታዒው፦ ቅርንጫፎቹ ላይ ያልሽው እውነት ነው። እንግዲያው በ8 ፖይንት የፊደል መጠን የተሣለውን አሳዪኝ። በ8 ፖይንት፣ በምናትምበት ርካሽ ወረቀት ላይ፣ የዴ ቀለበት ክፍት ሆና ካየኋት እንነጋገራለን።

ዲዛይነሯ፦ በ10 ፖይንት ክፍት ናት።

አርታዒው፦ በ8ስ?

ዲዛይነሯ፦ በ8 አንዳንዴ ትደፈናለች።

አርታዒው፦ በ10 ከታተመ ሁለት ቅጽ ነው። ሁለት ቅጽ ማን ይገዛል? ያ ሠላሳ ልጅ የሚጋራው መጽሐፍ ዋጋው እጥፍ ሲሆን የሚጋሩት ስልሳ ይሆናሉ።

ዲዛይነሯ፦ ለዚህ ነው ፊደሉን ማጥበብ የጀመርኩት፤ እንደ 1845ቱ። ጠበብ ካለ በ9 ፖይንት አንድ ቅጽ ይበቃል፤ በ9 ቀለበቷ አልተደፈነችም። ባለ ሁለት እግሮቹ እሺ አሉኝ፤ ሰ ጠበበ፣ በ ጠበበ፣ ለም አላስቸገረም። ባለ ሦስት እግሮቹ ናቸው እምቢ ያሉት። ሐ፣ ጠ፣ ጨ። ሦስት እግር ማለት በመካከሉ ሁለት ክፍተት ማለት ነው፤ እነዚያን ክፍተቶች ሳጠብ ቀለም ይሞላቸዋል። እነሱን ሰፋ አድርጌ ሌሎቹን ብቻ ሳጠብ ደግሞ መስመሩ ይንገጫገጫል፤ «ጠረጠረ» የሚለው ቃል ከገጹ ሁሉ ተለይቶ ይሰፋል።

አርታዒው፦ መካከለኛውን እግር አሳጥረሽዋል?

ዲዛይነሯ፦ ማሳጠር?

አርታዒው፦ አንዳንድ ብራና ላይ የሐ መካከለኛ እግር ከዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ ሲቀር ያየሁ ይመስለኛል። ዓይን ሦስት መሆኑን ያውቃል፤ ታች ላይ ግን ቦታ ይተርፋል። አላውቅም፣ እኔ ፊደል አልሥልም። ሐሙስ ስትመጪ ሐን ብቻ ይዘሽ ነይ፤ በ9 ፖይንት፣ በሁለቱም መልክ። የእኔን ያለ ቦልድ የተሠራውንም ገጽ አምጪ። ጎን ለጎን እናያቸዋለን።